ባለጉዳዩ ገለል ይበል

የማስተምረው ሰዎች ተሰብስበው አንድ ነገር እንዴት እንደሚወስኑ ነው። ባሕር ዳር በሚገኝ የፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት ክፍል ቢሮ አለኝ፤ ምርጫ፣ ድምፅ አሰጣጥ፣ የጋራ ውሳኔ የሚባሉት ኮርሶች የእኔ ናቸው። ባልደረቦቼም በየፊናቸው በዚሁ ዙሪያ የተካኑ ናቸው። ይህን ሁሉ ዕውቀት ይዘን የክፍል ኃላፊ ለመምረጥ በተሰበሰብን ቁጥር የሚመረጠው በዕለቱ ያልመጣው ሰው ነው። እኔም የተመረጥኩት ጥርሴን ልነቀል በሄድኩበት ቀን ነው። ማግስቱን ሲነግሩኝ ጉንጬ አብጦ ስለነበር እምቢ ማለት አልቻልኩም፤ እንደተስማማሁ ተቆጠረ።

ወደዚህ ሙያ እንዴት እንደገባሁ ሲጠይቁኝ መልሴ እንደ ጠያቂው ይለያያል። ለውጭ አገር ሰው ስለ ዴሞክራሲ አወራለሁ። ለአገሬ ሰው እውነቱን እናገራለሁ፤ አባቴ ሽማግሌ ስለሆኑ ነው። ዕድሜያቸውን ማለቴ አይደለም፣ እሱም ሞልቷል። ሥራቸውን ማለቴ ነው።

ያደግነው ከሰቆጣ ወዲያ ደሃና ውስጥ፣ ቤቶቹ በየጉብታው ተበታትነው ሰው ከጎረቤቱ ጋር ለመጣላት እንኳ ሽቅብ መውጣት ያለበት መንደር ነው። ይደክመኛል ብሎ ግን ጠብ የተወ የለም። ድንበር የገፋው፣ ሚስቱን ያስኮረፈው፣ በሬው የሰው ገብስ ውስጥ ያደረበት ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለችው ወይራ ሥር ይቀርባል። አባቴና ሌሎች ሽማግሌዎች እዚያ ይቀመጣሉ። ባለጉዳዮቹ መጀመሪያ፣ ገና አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ «የሰጣችሁኝን እቀበላለሁ» ብለው ቃል ይገባሉ። ከዚያ የሆዳቸውን ይዘረግፋሉ። ከዚያ «እስቲ ገለል በሉ» ይባሉና ከድንጋይ ካቡ ጀርባ ሄደው ይቀመጣሉ፤ ሽማግሌዎቹም ይመክራሉ። ምክሩ አንዳንዴ ፀሐይዋን ይጨርሳል።

የዶክትሬት ጥናቴን የሠራሁት እዚያች ወይራ ሥር ነው። ሴት ልጅ እዚያ የምትቀርበው ወይ ተከስሳ ወይ ከስሳ ስለሆነ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ በኋላ «ተማሪ ናት» ተብሎ ጥግ ላይ አንድ ድንጋይ ተሰጠኝ። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ እርስ በርሳቸው በአገራችን ቋንቋ በኽምጥኛ ነበር የሚያወሩት። እኔ ሁለቱንም እሰማለሁ፤ ይህን እያወቁም ምስጢር ሲሆን ወደ ኽምጥኛ ይዞራሉ። ጉዳዩ ባለቀ ቁጥር አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። «ስንት ለስንት ሆነ?» ስንቱ ደገፈ፣ ስንቱ ተቃወመ ማለቴ ነበር። ይስቃሉ። ከጊዜ ብዛት ሽቅብ ስወጣ ሲያዩኝ «ስንት ለስንት መጣች» መባባል ጀመሩ።

አንድ ቀን አንደኛው አዘኑልኝና መለሱልኝ። «እጅ ካወጣን፣ ማን እንዳላወጣ እንተያያለን» አሉ። ይህን ምዕራፍ ሦስት ውስጥ አስገባሁት። አማካሪዬ ኅዳጉ ላይ «ምንጭ?» ብሎ ጻፈበት።

አባቴ ግን የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ምክሩ መቋጫ ሲያጣ፣ ሁሉም ሲደክመውና ነገር መደጋገም ሲጀምር «ሽንቴ መጣ» ብለው ይነሣሉ። ካቡን ዞረው ይሄዳሉ፤ ትንሽ ቆይተው ይመለሳሉ፤ ተቀምጠውም አንድ ነገር ይላሉ፣ ጉዳዩ ያልቃል። እኔ መጀመሪያ ስለ ጤንነታቸው ነበር የተጨነቅሁት። ስጠይቃቸው ነገሩኝ። ገለል የተባሉትን ሰዎች እግር ሊያዩ ነው የሚሄዱት። ጫማውን አውልቆ ወደ ጎን ያደረገ ሰው ልቡ አርፏል፣ የሚባለውን ይቀበላል። ጫማውን እንዳጠለቀ፣ ዱላውን እንደጨበጠ የሚጠብቅ ሰው ግን አፉ ምንም ቃል ቢገባ ለመሄድ የተዘጋጀ ሰው ነው፤ እሱን በግድ «እሺ» ማሰኘት ሌላ ጠብ መዝራት ነው። «አፍ እኮ ቃል ገብቷል፣ አፍን ምን ብዬ እጠይቃለሁ?» አሉኝ።

ይህንንም ጽፌው ነበር፣ የግርጌ ማስታወሻ አድርጌ። ፈታኞቹ እግር በምን መለኪያ እንደሚለካ ጠየቁኝ። ማስታወሻውን አወጣሁት፣ ዶክተር ሆንኩ።

እናታችን ከሞተች በኋላ አባቴ ወንድሜ ቤት ገቡ። ወንድሜ ከሦስታችን የመጨረሻው ነው፤ እዚያው መንደር እርሻው ላይ ነው ያለው። የእናቴና የአባቴ ቤት ከእሱ ቤት በላይ፣ ጉብታው ላይ ተዘግቶ ቀረ። አባት ልጁ እታች እያለ ብቻውን ላይ ቤት ያድራል ማለት የማይታሰብ ነገር ስለሆነ ማንም አላሰበውም።

ከዚያ ዓይናቸው መድከም ጀመረ። ባሕር ዳር አምጥቼ አስመረመርኳቸው፤ ሞራ ነው፣ ይገፈፋል፣ ግን ጥቂት ወራት ይቆይ ተባለ። እኔ ቤት ሰነበቱ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ብቻዬን ነው። ጠዋት ትቻቸው ስወጣ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነው፤ ማታ ስመለስም ሶፋው ጫፍ ላይ ናቸው። ያ ከጎማ የተሠራ በረባሷቸው ከእግራቸው፣ ዱላቸው ከእጃቸው አይለይም፤ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ይመስሉ ነበር። ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ ብርዱ ነው ብዬ ምንጣፍ ገዛሁ። ምንጣፉንም በበረባሷቸው ረገጡት። ምንጣፉ ቀጭን ሆኖ ነው ብዬ አሰብኩ።

ቢሆንም ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን በቀጥታ ልናገር፣ ካልተናገርኩት የሚቀጥለው ሁሉ ሌላ ነገር ይመስላል። ማታ በሩን ስከፍት ውስጥ ሰው ነበር። «መጣሽ?» የሚለኝ ሰው ነበር። ወደ ደሃና ሲመለሱ በሳምንቱ አልጋ ገዛሁላቸው፣ በመስኮቱ በኩል አድርጌ አነጠፍኩት። አባቴ ከእኔ ጋር እንዲኖሩ እፈልጋለሁ፤ ሐኪሙ ሰበብ ነው፣ ሰበብነቱን ግን ለማንም አልተናገርኩም።

እህቴ ሰቆጣ ናት፣ የሁላችን ታላቅ። ማር ትነግዳለች፤ ከገበያው በላይ ግቢ ያለው ጥሩ ቤት አላት። እሷም አባታችንን ትፈልጋቸዋለች። ወንድሜም አልሰጥም አለ። በስልክ ተጨቃጨቅን፣ ተዘጋጋን፣ እንደገና ተደዋወልን። በመጨረሻ አዝመራው ተሰብስቦ ሲያልቅ ሰቆጣ እህቴ ቤት ተገናኝተን እንድንወስን ተስማማን። በስልክ የተስማማነው ይህን ብቻ ነው።

ወንድሜ አባቴን ይዞ መጣ፤ ግማሹን መንገድ በእግር፣ ግማሹን በአይሱዙ። እህቴ ጠላ ጠምቃ፣ በግ አርዳ ጠበቀችን። ከተበላ በኋላ ስለ አዝመራውና ስለ ገበያው ብቻ ተወራ። አባት ፊት ስለ አባት እንዴት ይወራል? አባቴ ራሳቸው ገላገሉን። ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«የሰጣችሁኝን እቀበላለሁ» አሉ። «ባለጉዳዩ እኔ ነኝ፤ ገለል ልበል።»

«ኧረ አባዬ፣ ይቀመጡ!» አለች እህቴ።

«ሥርዓት ነው» ብለው ወጡ። በጓሮ በኩል ሲሄዱ የዱላቸውን ድምፅ ሰማን።

እንግዲህ ሦስታችን ቀረን። የእኔ ሐሳብ ግልጽ ነው። ባሕር ዳር ይሁኑ፤ ያ ካልሆነ ሰቆጣ፣ ሐኪም ቤትም መኪናም አለ፤ ደሃና ከሁሉም የመጨረሻው ነው፣ ዓይኑ የደከመ ሰው በዚያ ገደል ዳር አይሄድም። ወንድሜ ደሃና አለ፤ ከቀረ ግን ባሕር ዳር ይሻላል። «ለሕክምና ሄዱ ይባላል፣ ክብር ነው። ሰቆጣ ገቡ ከተባለ ግን ልጁ አባቱን መያዝ አቅቶት ለሴት ልጁ ሰጠ ነው የሚሉኝ» አለ። እህቴ ደግሞ ሰቆጣ አለች፤ ያ ካልሆነ ደሃና ይቅሩ፣ እዚያ በፈለገችበት ቀን ደርሳ ታያቸዋለች። ባሕር ዳርን ግን አትሰማም። «ባሕር ዳር ቢታመሙ የምደርሰው ለለቅሶ ነው» አለች።

ይህን ስሰማ የክፍሌ ሰሌዳ ትዝ አለኝ። ለዓመታት ሳስተምረው የኖርኩት ነገር ነው። ሰሌዳው ላይ ጠላ፣ ጠጅ፣ ሻይ ብዬ እጽፋለሁ። ሦስት ሰዎች፣ ሦስት ምርጫ። ጠላ ከጠጅ ቢወዳደር ጠላ ያሸንፋል፤ ጠጅ ከሻይ ቢወዳደር ጠጅ፤ ሻይ ከጠላ ቢወዳደር ሻይ። ዙሪያውን ይዞራል፣ አሸናፊ የለውም። ተማሪዎቼ ይህ በእውነተኛ ሕይወት ያጋጥማል ወይ ሲሉኝ «እምብዛም» እላቸዋለሁ። አሁን የገዛ ቤተሰቤ እህቴ ሳሎን ተቀምጦ እየሠራው ነው። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር ማለት ነውር ነው፣ ግን ነበር።

ሁለተኛው የተሰማኝ ተስፋ ነው። እንዲህ ዙሪያ የሚዞር ነገር ሲያጋጥም የሚያሸንፈው የጥያቄውን ተራ የሚያወጣው ሰው ነው። እኔ ደግሞ ተራውን አውቃለሁ፤ ደሞዝ የሚከፈለኝ ለዚሁ ነው።

«መጀመሪያ ሰቆጣንና ደሃናን እንለያቸው» አልኩ።

እህቴና እኔ ሰቆጣ አልን። ደሃና ወደቀ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አሁን ሰቆጣና ባሕር ዳር።»

ወንድሜ ተናዶ ስለነበር ሳይዞር «ባሕር ዳር!» አለ። እኔም ባሕር ዳር አልኩ። አለቀ፣ አሸነፍኩ። አልጋው በዓይኔ መጣ፣ ምን ዓይነት ብርድ ልብስ እንደምገዛ ሁሉ አሰብኩ።

«ቆይ» አለች እህቴ። ማር ስትነግድ የኖረች ሴት ናት፣ ጨረታ ተዘጋ ሲሏት አትሄድም። «ባሕር ዳር ከሚሄዱማ ደሃና ይቅሩ! አንተስ?»

ወንድሜ ከግድግዳው ዞረ። «እኔማ ደሃና ነው ያልኩት።»

«ደሃና እኮ ወድቋል» አልኩ።

«ማን ጣለው?» አለች እህቴ።

«አንቺና እኔ።»

«እንግዲያ አነሣሁት!» አለች።

እኔ ሰቆጣ ከደሃና እንደሚሻል አስታወስኳት፤ እሷም ተስማማች፤ ወንድሜም ያኔ ባሕር ዳር አለ፤ እሷም ደሃና። እንዲህ እየዞርን ጠላው ተገባደደ። አንዱን ባሸነፍን ቁጥር ሌላው ይነሣል። ድምፅ ስንሰጥ በአማርኛ ነበር፤ ስድቡ ግን በኽምጥኛ ሆነ፣ ይቀለናል። እህቴ ባል አልባነቴን አነሣች። እኔ ማሯን በውኃ ትቀላቅላለች መባሉን አነሣሁ። ወንድሜ ሁለታችንም የእናታችን ቀብር ላይ ዘግይተን እንደደረስን አነሣ። 

በዚህ መሐል ሽንቴ መጣ። ዘዴ አልነበረም፤ ጠላ ነው። ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው፣ ወጣሁ።

አባቴ ከጓሮው ግንብ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። የእግሬን ኮቴ ሲሰሙ ፊታቸውን አዞሩ። ዓይናቸው እንደማያሳያቸው አውቃለሁ፤ ግን ማን እንደመጣ ያውቃሉ።

«ሽንትሽ መጣ?» አሉኝ። ከንፈራቸው ዳር ፈገግታ ነበር።

«አዎ» አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ ግን ሲወጣ ውሸት መሰለ። ከዚያ ሳላስበው እግራቸውን አየሁ። በረባሶው እንደታሰረ ነው። ዱላው ጉልበታቸው መሐል ቆሟል። ጋቢያቸው ተደርቦ፣ ጫፉ ተሰብስቦ፤ ሲጠራ ለመነሣት የተዘጋጀ ሰው። እንዲህ ሲቀመጡ አይቻቸዋለሁ፤ የት እንዳየኋቸው ለማስታወስ ማሰብ አላስፈለገኝም። ሶፋዬ ጫፍ ላይ፣ በገዛሁላቸው ምንጣፍ ላይ፣ ስንት ቀን።

ወለሉ አልነበረም የቀዘቀዘው።

ሽንት ቤት ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ፤ ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ወደ ሳሎን ተመለስኩ። «ባሕር ዳርን ትቻለሁ» አልኩ።

እህቴ ምን ተንኮል አለው ብላ አየችኝ። «ምን አየሽ?»

«ጫማቸውን አላወለቁም። እኔም ቤት አላወለቁም፣ እዚህም አላወለቁም።»

የአባታችንን የእግር ዘዴ ሦስታችንም እናውቃለን፤ አስረጂ አልፈለገም። እህቴ መሶቡን ወደ ጎን ገፋች። «እኔ ቤት? ሲመጡ እግራቸውን አጥቤ!» ብላ ተነሣች። «ሽንቴ መጣ» አለች፣ ለማን እንደምትል እንጃ። ሄዳ ተመለሰችና ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«እንግዲያ ደሃና» አልኩ። «አንተ ጋ ይሁኑ።» 

ወንድሜ ያሸነፈ ሰው አልመሰለም።  በኽምጥኛ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ። «እኔ ቤትም አያወልቁም።»

«ምን ማለት ነው?»

«እማዬ ከሞተች ወዲህ አውልቀው አያውቁም፤ ሲተኙ ብቻ። ከሰዓት በኋላ ዱላቸውን ይዘው ሽቅብ ይወጣሉ፣ የላይኛውን ቤት ከፍተው ይገባሉ። ሲመሽ ላመጣቸው ስሄድ በረባሶው ደጃፉ ላይ ወልቆ ተቀምጦ ነው የማገኘው። ከዚያ አጥልቀው ከእኔ ጋር ይወርዳሉ።»

«ለምን አልነገርከንም?» ጮኽኩበት፤ መጮኽ አልነበረብኝም።

«ማን ጠየቀኝ?» አለ። «የጠየቅሽኝ ከሦስቱ የቱ ብለሽ ነው።»

ምርጫ ውስጥ ያልገባ ነገር እንደማይመረጥ በመጀመሪያው ሳምንት ነው የማስተምረው። ወንድሜም የደበቀው አውቆ አይደለም። አባቱን ላይ ቤት ብቻቸውን ያሳደረ ልጅ ተብሎ ወይራዋ ሥር እንደሚወራበት ያውቃል፤ ሰቆጣ ከመስጠት የባሰ ውርደት ነው። እኛም የማይታሰብ ነው ብለን ስላላሰብነው ሦስት ቤት ብቻ ቆጥረን መጣን፣ የሦስቱም ቤት ባለቤቶች ራሳችን።

ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ የሥራ ወሬ ነው። የላይኛው ቤት ክዳኑ አርጅቷል፣ ይከደን። በመንገዱ ዳር ገደሉ በኩል ካብ ይካብ፣ በዱላቸው እየዳሰሱ እንዲሄዱ። የወንድሜ ልጆች በተራ አብረዋቸው ይደሩ፤ ምግቡ ከታች ይውጣ። ሰው ለሚያወራው እህቴ ራሷ ሄዳ ወይራዋ ሥር «የሦስታችን ውሳኔ ነው» ብላ ትናገራለች፤ እሷን ተከራክሮ የረታ ሽማግሌ የለም። ለዓይናቸው እኔ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ፣ ታክመው ይመለሳሉ። ይመለሳሉ የሚለውን ራሴ ነኝ ያልኩት።

አባቴን የጠራቸው ወንድሜ ነው። ግን መጀመሪያ «ሽንቴ መጣ» ብሎ ነበር የወጣው፤ እሱም ማየት ፈልጎ ይሆናል። ከውጭ የአባቴን ድምፅ ሰማን። «ሁላችሁንም ያዛችሁ? ምን ዓይነት ጠላ ነው?»

ገብተው ተቀመጡ። ወንድሜ ነገራቸው። ላይ ቤት፣ ክዳኑ፣ ካቡ፣ ልጆቹ።   ሲጨርስ አባቴ ፊታቸውን ወደ እኔ፣ ወደተቀመጥኩበት አቅጣጫ አዞሩ።

«ስንት ለስንት ሆነ?» አሉኝ።

«እጅ አላወጣንም።»

«ደግ» አሉ። እህቴ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ከዚያ ወጥ ልታሞቅ ሄደች።

አባቴ ለዓይናቸው ባሕር ዳር የመጡት ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ነው፤ ወንድሜ እስከ ሰቆጣ፣ እኔ ከዚያ ወዲህ ይዘናቸው። ደረጃውን ቀስ ብለን ወጣን። በሩን ስከፍት ሶፋው የት እንዳለ ልመራቸው እጃቸውን ያዝኩ። አልተከተሉኝም። ዱላቸውን ለእኔ ሰጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ጎንበስ አሉና የበረባሷቸውን ማሰሪያ መፍታት ጀመሩ። አንዱን አወለቁ፣ ሁለተኛውንም። በሩ አጠገብ አጣምረው አስቀመጧቸው፤ ከዚያ ባዶ እግራቸውን ሄደው ሶፋው ላይ ወደ ኋላ ተደግፈው ተቀመጡ።

ዱላውን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር። ምንጣፉን ለጎረቤት ከሰጠሁት ቆይቷል፤ ወለሉ ባዶ ሴራሚክ ነው።

«አባዬ፣ አይቀዘቅዝዎትም?» አልኩ።

«ይቀዘቅዛል» አሉ፤ እግራቸውን ግን አላነሡም።